ከከብቱ ኋላ የመጣው

ስሙኝማ አቦ! ወሬ አለኝ። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ስለማይበዛ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" እያልኩ ነው የምቀጥለው። ከመሀል አገር የመጣህ እንግዳ ካለህ አትቀየመኝ፣ የአገሩ ደንብ ነው። የማወራው ስለ ውሻ ነው። ሰንሰለት ያለውንና "ቦቢ" ተብሎ የሚጠራውን ግን ለባለቤቱ ትቼዋለሁ። የእኔው ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ከዚራ ላይ በዛፍ ጥላ ወይም በቆመ ባጃጅ ሥር ጎኑን ጥሎ የሚያንቀላፋው፣ ሲመሽ ተነሥቶ ሠፈሩን የሚረከበው፣ ማንም "የእኔ ነው" የማይለው ያ ቀላ ያለ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ ውሻ ነው።

ወሬው የሚጀምረው ግን ውሻ ካልነበረበት ዘመን ነው፤ ያውም እዚሁ ከከተማችን ጫፍ።

ደቻቱን ይዘህ ወደ ደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብትወጣ፣ ከወንዙ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ገደሉ ላይ አንድ ዋሻ አለ። ፈረንሳዮቹ "ፖርክ ኤፒክ" አሉት፤ ጃርት ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ሰዎች ቧጥጠው ወጡበት። አንደኛው ኦንሪ ደ ሞንፍሬ ነው፤ በቀይ ባሕር ላይ መሣሪያና ሐሺሽ ሲያሻግር የኖረ፣ ድሬ ላይ የዱቄት ወፍጮና የመብራት ማመንጫ የተከለ፣ ኋላም ጀብዱውን እየጻፈ የገነነ ሰው። ሁለተኛው ፒየር ቴያር ደ ሻርደን ነው፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ፣ የጥንት አጥንትና ድንጋይ ሊቅ። ኮንትሮባንዲስትና ቄስ ተያይዘው ተራራ ሲወጡ አስበው እንግዲህ! ድሬ ናት፤ እንዲህ ያለው ጓደኝነት አያስደንቃትም።

በ1933 አቤ ብሩይ የተባለው የዋሻ ሥዕል አዋቂ ከባልደረባው ከፖል ቬርነር ጋር ቆፈረው። ጣልያን መጣ፣ ሄደ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ዴዝመንድ ክላርክና ኬኔት ዊልያምሰን እንደገና ገቡበት። ከአፈሩ የወጣው ሀብት እስከ ዛሬ ተቆጥሮ አላለቀም ማለት ይቻላል። የቀለም አፈሩ ብቻ፣ ቀዩም ቢጫውም፣ 4213 ቁራጭ ሆኖ ተቆጥሯል፤ ሲመዘን 40 ኪሎ። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ሰዎቹ ድንጋይ ላይ እየፈጩ ዱቄት አድርገውታል፤ ገላቸውን ተቀብተውበት ይሁን ቆዳ አልፍተውበት፣ ብቻ ብዙ ትውልድ ከዚያ ሥራ አልተፋታም። ደግሞም ከ400 የሚበልጡ የቀንድ አውጣ ክዳኖች ተገኝተዋል፤ መሀላቸው ተበስቶ፣ ልክ ለክር የተዘጋጀ ዶቃ መስለው። የአጥንቱን ጉዳይ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘላለም አሰፋ ነው የተሸከመው። እንደ ሰስ ያሉ ትናንሽ የገደል እንስሳትን፣ ሽኮኮን፣ የመሳሰለውን እየለየ ሰዎቹ ምን አድነው ምን እንደበሉ አሳየን።

ውሻ የለም። ያን ጊዜ እነዚያ አዳኞች ሰስ ሲያሳድዱ ከፊታቸው አሽትቶ የሚመራቸው የለም። ሌሊት ጅብ ወደ ዋሻው አፍ ሲጠጋ ቀድሞ ሰምቶ የሚቀሰቅሳቸው የለም። የራሳቸው ጆሮ፣ የራሳቸው እሳት፣ በቃ። የሰው ልጅ አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው እንዲህ ነው። "ሰውና ውሻ ከጥንት ከመሠረቱ" የሚልህ ሰው ካለ ወደ ጃርቱ ዋሻ ስደደው።

ምክንያቱም ውሻ የግራጫ ተኩላ ልጅ ነው፤ ግራጫ ተኩላ ደግሞ አገሩ አውሮፓ፣ እስያና ሰሜን አሜሪካ ነው። እኛ ጋ ቀይ ቀበሮ አለ፣ በ2015 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የተረጋገጠው የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላም አለ። ዘመድ ናቸው፤ አያት ግን አይደሉም። ስለዚህ ያ ባጃጅ ሥር የተኛው ጓደኛችን ቅድመ አያቶቹ ከውጭ የገቡ መጤ ነው። እንዴት መጣ? ከማን ጋር መጣ? ነገሩ እዚህ ላይ ይጥማል።

መጀመሪያ ተኩላው እንዴት ውሻ ሆነ የሚለውን እንጨርስ። ነገሩ ከሆነ ቢያንስ 15,000 ዓመት አልፎታል። አሜሪካዊው ሬይ ኮፒንገር፣ ማንም ተኩላ አላላመደም፣ ተኩላው ራሱ ነው የለመደው ይላል። ሰው ሠፈረ፣ ቆሻሻ ጣለ፤ ከተኩላዎቹ ሰው ሲያይ ቶሎ የማይሸሸው ብዙ በላ፣ ብዙ ወለደ፤ ልጆቹም ይበልጥ የማይሸሹ ሆኑ። የድሬን ውሻ ላየ ሰው ይህ ታሪክ ጆሮ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ችግሩ ዘመኑ ነው። ከ15,000 ዓመት በፊት መንደርም የቆሻሻ ክምርም የለም፤ ያለው በበረዶ ምድር የሚዞር አዳኝ ነው። ፊንላንዳዊቷ ማሪያ ላህቲነን በ2021 ለዚህ አንድ መላ አመጣች። በዚያ ቅዝቃዜ ክረምት የታደነው እንስሳ ስብ የለውም፤ ሥጋው ቀይ ብቻ ነው። የሰው ጉበት ደግሞ በቀይ ሥጋ ብቻ መኖር አይችልም፣ ከመጠን ካለፈ ይታመማል። ተኩላ ግን ወራት ሙሉ በዚያው ይኖራል። ስለዚህ ለአዳኙ ትርፍ ሥጋ ተረፈው፤ ለተኩላው መወርወር ምንም አላስከፈለውም። እኔ በበኩሌ ወደዚህኛው አደላለሁ። ሰው የሚሰጠው የተረፈውን ነው፤ ይኼን ለማወቅ ደግሞ ሉካንዳ ደጅ ትንሽ መቆም ይበቃል።

ቆሻሻም ይሁን ትርፍ ሥጋ፣ ነገሩ ከሆድ አልፎ መሄዱን የሚያሳይ አንድ መቃብር አለ። በ1914 ጀርመን አገር ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች የወንድና የሴት አጽም አገኙ። አብሯቸው የውሻ አጥንት ነበር። ዕድሜው 14,000 ዓመት አልፎታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሊቃውንቱ የቡችላውን ጥርስ ሲመረምሩት ነገሩ ተገለጠ። ሰባት ወር ሳይሞላው የሞተ ቡችላ ነው፤ ከመሞቱ በፊት ደግሞ በከባድ ሕመም፣ ዛሬ ዲስቴምፐር በሚባለው የውሻ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳምንታት ተሰቃይቷል። በዚያ በሽታ የተያዘ ቡችላ ያስታውካል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፤ የሚያሞቀውና ውኃ የሚያጠጣው ካላገኘ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ይህ ግን አገግሞ ደግሞ ታሟል። ስለዚህ አንድ ሰው አስታሞታል። ለአደን የማይጠቅም፣ ለጥበቃ የማይጠቅም በሽተኛ ቡችላ! "ለጥቅም ነው ያላመዱት" ለሚል ተከራካሪ ይቺን አስቀምጥለት። ከዚያ ወዲህ፣ ከ12,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ አይን ማላሃ በምትባል የገሊላ ሰሜን መንደር አንድ ሰው እጁን በቡችላ ላይ አሳርፎ ተቀብሯል። ያ ሕዝብ ገና አላረሰም፤ ገና ፍየልም አላረባም። ከሰው ቤት ከገቡት እንስሳት ሁሉ ውሻ የበኩር ልጅ ነው።

ወደ እኛ ግን ከአዳኝ ጋር አልመጣም። በ2020 አንደርስ በርግስትሮምና ባልደረቦቹ የ27 ጥንታዊ ውሾችን ዘረመል አንብበው ነበር። ከ11,000 ዓመት በፊት የውሻ ዘር በአምስት ትልልቅ ሐረግ ተከፋፍሎ ነበር፤ የአፍሪካ ውሾች ግንድ ደግሞ የሚመዘዘው ከመካከለኛው ምሥራቅ ነው። በናይል ደልታ መሪምዴ ከተባለች የጥንት ገበሬዎች መንደር የተገኘው የውሻ አጥንት በአህጉራችን ከታወቁት ቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን ዕድሜው ከ6000 ዓመት ይበልጣል። በግና ፍየልም በዚያው ሰሞን በዚያው በር ነው የገቡት፤ እነሱም አፍሪካ ውስጥ የዱር አያት የላቸውም። እንግዲህ ነገሩን ግጣጥመው። በግ ቀድሞ ይነዳል፣ እረኛ ይከተላል፣ ውሻ በስተኋላ ያሸታል። ውሻችን የአፍሪካን መሬት የረገጠው የእረኛ ባልደረባ ሆኖ ነው።

እረኞቹ ድሬ ዙሪያ ሲደርሱ ደግሞ ማስታወሻ ትተውልናል። ከከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ቢጎድል ትንሽ ነው፤ ለገ ኦዳ የሚባል የድንጋይ ጥግ አለ። ብሩይ በ1930ዎቹ ለዓለም ካስተዋወቃቸው የሐረርጌ ሥዕሎች ወገን ነው። ቀረብ ብለህ ግድግዳውን ብታይ በቀይ፣ በጥቁር፣ በነጭ የተሣሉ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ተደራርበዋል። ከሁሉ የሚበዛው ከብት ነው። ጀርባዋ ሻኛ የሌለበት፣ ቀንዷ የረዘመ፣ ግቷ የሞላ ላም፤ ላታም በግም አለ፣ ሰውም አለ። ሰዓሊው የላሟን ፊት ችላ ብሎ ግቷ ላይ ሲጠበብ ታየዋለህ። እንዲህ የሚሥል ሰው ስለ ወተት ሲያስብ የዋለ ሰው ነው፤ የጃርቱ ዋሻ አዳኝ እንዲህ አያስብም። በዚህና በዚያ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሁለቱ ቦታዎች የአንድ ቀን መንገድ ሆነው ሳለ፣ በአሥር ሺዎች ዓመት የሚለካ ነው። ሀብት በእግሩ የሚሄድ ከሆነ ሌባና ጅብ አይጠፋም፤ ሌባና ጅብ ካለ ደግሞ ጆሮ ያስፈልጋል። እረኛ ውሻን ሊመግብ የወደደው ለዚህ ነው።

መጤ ያልኩት ውሻ ብዙም ሳይቆይ ኤክስፖርት መሆን ጀመረ ብልህስ? የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከዛሬ 3500 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ፑንት አገር መርከቦች ልካ ነበር። ዴይር ኤል ባህሪ ያለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ የተጫነው ዕቃ ተዘርዝሯል፤ ከርቤ፣ ዞጲ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝንጀሮ፣ እና ውሻ። ፑንት የት ናት የሚለው ክርክር ረጅም ነው። በ2020 የግብፅ የዝንጀሮ ሙሚዎችን ጥርስና ጠጉር የመረመሩት ሰዎች ግን ከእንስሳቱ አንዳንዶቹ የተወለዱት በዚህ በእኛ ቀንድ አካባቢ፣ ኤርትራን ኢትዮጵያን ጅቡቲንና ሶማሊያን፣ የመንንም በከፊል በሚያካልለው ምድር ነው ብለዋል። ንግሥቲቱ የራሷ ውሻ እያላት የእኛን ማስጫኗ መቼም ውሻው የሚያስቀና ቢሆን ነው። ድሬ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ተቆርቁራ ከጅቡቲ ጋር ንግድ ጀመረች እንላለን፤ መንገዱስ ከእሷ በፊት ሥራ ላይ ነበር።

እንግዲህ ሠፈር ውስጥ እንግባ። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሂድ። ሉካንዳው ሥጋውን ሰቅሏል፣ መጥረቢያው ግንዱ ላይ ይወርዳል፣ ከደጁ ማዶ ሦስት ውሾች ተቀምጠዋል። ልብ ብለህ እያቸው፤ አይለምኑም፣ አይጮሁም፣ ደፉን አያልፉም። ያ መስመር በኖራ አልተሠመረም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። አንደኛው ውሻ ሥጋ ቆራጩን ቀና ብሎ ያያል፤ ቅንድቡን ከውስጥ በኩል ብቻ ከፍ ያደርጋል፤ ዓይኑ ይሰፋል፣ ያዘነ ሕፃን ይመስላል። ቆራጩ ዞር ሳይል ቁርጭምጭሚት ይወረውርለታል። ተመራማሪዎች በ2019 የውሻንና የተኩላን ፊት ቆርጠው መርምረው ነበር፤ ያቺን ቅንድብ የምታነሣው ጡንቻ ውሻ ላይ ጥርት ብላ አለች፣ ተኩላ ላይ የለችም ከማለት አይሻልም። አቦ፣ ሺህ ዓመታት አጥንት እየወረወርን ፊቱን እኛው ነን የሠራነው! ሆዱንም ሠርተነዋል። ተኩላ ስታርች የሚያፈጨውን ዘረመል በሁለት ቅጂ ብቻ ሲይዝ ውሻ ከ4 እስከ 30 ይይዛል። ሰው እርሻ ሲጀምር ውሻም አብሮ ተለወጠ። የእንጀራ ፍርፋሪና የሩዝ ትርፍ ቀምሶ ጠግቦ የሚያድረው ለዚያ ነው።

ይህን ውሻ "ባዘነ" "ጠፋ" "ከቤት ተባረረ" እያልን እናዝንለታለን። እኔ ግን አልስማማም። በዓለም ካሉት ውሾች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሰንሰለት የማያውቁ፣ እንደ ልባቸው የሚዞሩ እንደሆኑ ይገመታል። በሳሎን ምንጣፍ ላይ የሚተኛው ነው አዲስ መጤው። የኮፒንገር ባልደረባ አሌሲያ ኦርቶላኒ ኢትዮጵያ ውስጥ የመንደር ውሾችን እየዞረች አጥንታ ነበር፤ እንግዳ ሰው ሲጠጋቸው አብዛኞቹ ይሸሻሉ እንጂ አይናከሱም፤ ሮጦ መጥቶ የሚላፋውም ጥቂት ነው። ውሉ እንዲህ ነው፤ አጠገብህ እኖራለሁ፣ እጅህ ውስጥ አልገባም። ይህ ጉድለት አይደለም፣ የቆየው ስምምነት ነው።

ባጃጅ ሲያባርር ግን ስምምነት የለም! ስለዚያ አያቶቻችን አንድ ወሬ አላቸው። አህያ፣ ፍየልና ውሻ መኪና ተሳፈሩ። አህያ ልክ ሒሳቡን ከፈለ፤ ፍየል ሳይከፍል ዘሎ ወረደ፤ ውሻ ትልቅ ብር ሰጥቶ መልሱን ሳይቀበል መኪናው ጥሎት ሄደ። አህያ እስከ ዛሬ መንገድ መሀል ቆሞ አይነቃነቅም፣ ፍየል መኪና ሲያይ ይፈረጥጣል፣ ውሻ መልሱን ሊቀበል ይሮጣል። ሊቃውንቱ የአደን ደመ ነፍስ ነው ይላሉ። እኔ መልሱ ቢመለስለት ምን አለ እላለሁ።

ከተማችን የሁለት እምነት ከተማ ናት፤ ሁለቱም ውሻን ከደጅ ያቆሙታል። ሙስሊሙ ምራቁን ይጠነቀቃል፣ ለከብትና ለቤት ጥበቃ፣ ለአደን ግን ማኖሩ ተፈቅዶለታል። ክርስቲያኑም ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አያስገባውም። ሆኖም በቁርኣን የዋሻው ምዕራፍ፣ በእምነታቸው ተሰድደው ያንቀላፉት ወጣቶች ውሻ ከዋሻው አፍ እጆቹን ዘርግቶ አብሯቸው ተኝቷል። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባለው በመጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎታል። ሁለቱም ቦታ ላይ ውሻው ማንም ሳይጠራው የመጣ ነው።

አሁን ወደማልወደው ወሬ ልግባ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ ሰው የሚይዘው ደግሞ ሁልጊዜ በሚያስብል ደረጃ ከውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከተነከስክ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ እጠብ፣ ሳትውል ሳታድር ሄደህ ተከተብ፤ ባህል ሐኪም ጋ ቀን አታባክን። ከተሞች ፍርሃት ሲይዛቸው መርዝ ያለው ሥጋ ሌሊት ይበትናሉ። ጠዋት ጎዳናው ላይ የሚታየውን አልነግርህም። በዚያ ላይ አይሠራም፤ የሞተው ውሻ ሠፈር ባዶ አይቀርም፣ ከማዶ ያልተከተበ ሌላ ይመጣበታል። የሚሠራው መከተብ ነው፤ ከአሥር ውሻ ሰባቱ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

ይህ በሽታ ወደ ዘመዱ ወደ ቀይ ቀበሮም ይሻገራል፤ ከዚያ በፊት ግን የቀበሮውን ጠባይ ላሳይህ። መንዝ ጓሳ ላይ ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለ ተመራማሪ ቀይ ቀበሮዎች ጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሀል ተረጋግተው ሲመላለሱ አየ። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራቱ ሙከራ አንዱ ብቻ ይሳካለታል፣ 25 በመቶ። ጭላዳዎቹ መሀል ሲሆን 67 በመቶ። ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲነጩ አይጦቹ ይረበሻሉ መሰለኝ፤ ቀበሮው ደግሞ አጠገቡ ያለውን የጭላዳ ግልገል አይነካም፤ ከነካ ይባረራል። አንድ ሥጋ በል ከሌላ መንጋ ጋር ሆዱን ገትቶ እንዴት እንደሚጎራበት በዓይንህ የምታየው እዚያ ነው። ጭላዳ ግን አጥንት አይወረውርም፤ ስለዚህ ነገሩ ጉርብትና ሆኖ ይቀራል።

ሰው ግን ይወረውራል፤ አሁን ደግሞ ለቀበሮውም ጭምር። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ጎልማሳ ነው፤ ሁሉም እኛ አገር። ባሌ ተራሮች ላይ በ1991፣ በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ አረገፋቸው፤ ያመጣባቸውም ከብት ተከትሎ ወደ ደጋው የወጣው የእረኛ ውሻ ነው። በ2018 የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙ ሰዎች አዲስ ዘመቻ ጀመሩ። ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው ቀበሮዎቹ በሚመላለሱበት ሜዳ ያኖሩላቸዋል። ቀበሮው ያነሣዋል፣ ያኝከዋል፣ ወደ አይጡ አደን ይመለሳል፤ ሰውየውን ዞር ብሎም አያየው። ታች መንደር ያሉት የእረኞቹ ውሾች ደግሞ በመርፌ ይከተባሉ፤ እነሱ ሲጠሩ ይመጣሉ።